ከሥር የሚያውቀው ደን

ቦታውን ካርታ ላይ ምልክት አድርጌ ካስቀመጥኩት ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የሳነቴ አምባ አልቆ መሬቱ ድንገት ወደ ደቡብ የሚወርድበት የገደል አፋፍ ነው። እዚያ ስትቆም የሐረና ደን ከእግርህ ሥር ይዘረጋል ይላሉ። ፎቶውን ገና ሳልሄድ ጭንቅላቴ ውስጥ አንስቼዋለሁ፤ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ ጋቢውን ነፋስ ይዞታል፣ ከፊቱ አረንጓዴ ብቻ።

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በ1979 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ሲመረቅ የመጀመሪያ ምድቡ ወደ ደሎ መና አቅጣጫ፣ ደኑ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች። ልጆች ሆነን ምግብ ስንመርጥ "ሐረና ብትሆኑ ኖሮ!" ይለን ነበር። ከዚያ በላይ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እኔ ደግሞ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። ከአባዬ ጋር የሚያገናኘን በየወሩ የምልክለት ገንዘብና የእሁድ ስልክ ነው። "ሰላም ነው?" "ሰላም ነው።" "ጤና?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" አንድ ቀን ሥራ ሰልችቶኝ የስልኬን የጥሪ ዝርዝር ሳገላብጥ የእሁዶቹን ርዝመት አየሁት። ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ከሃምሳ፣ ሁለት ከአሥር። ጉዞውን ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ዕቅድ ሳወጣ የሥራ አመሌ አይለቀኝም። ሰዓት፣ ነዳጅ፣ ማረፊያ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሁሉም ዝርዝር ውስጥ ገባ። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ድንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፈልንና ጎባ አደርን። በነጋታው ከተከራየነው ላንድክሩዘር ሾፌር ጋር ገና ሳይሞቅ ሽቅብ ጀመርን።

ሳነቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ካየሁት ሁሉ አይመሳሰልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል፣ በየመሀሉ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ። በስተቀኝ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ 4,377 ሜትር። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ቆሞ ነበር። እኔም ያነበብኩትን አፈሰስኩት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ እንደሆነ፣ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ እንደሚኖሩ፣ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ እንደተመዘገበ። አባዬ እንደ ጨዋ ተማሪ "እህ… እህ…" እያለ ሰማኝ።

ከዚያ "እህ" ማለቱን ተወ።

ልብ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሾፌሩ ነው። በመስታወቱ አይቶ "ፋዘር ፊታቸው ልክ አይደለም" አለኝ። ዞር ስል አባዬ ግንባሩን ይዟል፣ ከንፈሩ ደርቆ ጠቁሯል። "ራሴን ነው፣ ያልፋል" አለ። መኪናው ቆሞ ሳይጨርስ በር ከፍቶ አስመለሰው።

በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባህ ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባህ በ40 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ይህን አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን የአባዬን ስድሳ አንድ ዓመት ከዚህ ቁጥር ጋር ለማገናኘት አላሰብኩም። ኔትወርክ የለም። እጄ ይንቀጠቀጣል። "ወደ ጎባ እንመለስ" አልኩ።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። "አይሆንም። ወደ ኋላ ሜዳውን በሙሉ ልናቋርጥ ነው፣ እዚያው ከፍታ ላይ። ወደ ፊት ከሄድን ግን ገደሉ ቅርብ ነው፤ በአንዴ እንወርዳለን።" የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ወደ ፊት ሄድን።

ስምንት ወር ያሰብኩበትን አፋፍ በመስኮት አለፍነው። አንድ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሰማይ ከታች የሆነ መሰለኝ፤ ጭጋግ፣ በጭጋጉ ቀዳዳ ጥቁር አረንጓዴ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዓይኔ አባዬ ላይ ነበር።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወሰደን። መጀመሪያ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ሽበት የለበሱ ትልልቅ የአስታ ዛፎች፣ ከዚያ አምጃና ኮሶ መጡ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩ ይወፍራል፣ ይረጥባል። ሪራ ስንደርስ አባዬ መስኮቱን አውርዶ በረጅሙ ተነፈሰና "የኮሶ ሽታ" አለ። ከሰዓታት በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ያደርንበት ቤት ባለቤት እናት ቡና አቀረቡልን። አባዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሲሰጣቸው ደነገጥኩ። የተሰባበረ ቢሆንም ኦሮምኛ ነበር። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ማር መጣ፤ እዚህ ቀፎውን ዛፍ ላይ ከፍ አድርገው ነው የሚሰቅሉት። አባዬ ማሩን ቀመሰና ዝም አለ። ማታ ምድጃው ዳር፣ ሳልጠይቀው ማለት ነው፣ ጀመረ።

"ወባ ይዞኝ ነበር" አለ። "ሁለተኛው ዓመቴ ላይ። ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም። የተማሪዎቼ አባቶች ናቸው ቃሬዛ ሠርተው የተሸከሙኝ፣ በዚህ ደን ውስጥ፣ እስከ መኪና መንገዱ። እየተፈራረቁ። ጨለማ ሲሆን እሳት ያነዳሉ፣ ለአንበሳው። ያኔ አንበሳ ብዙ ነበር።" ዛሬም አንበሳ እንዳለ ሴትዮዋ ነገሩት፤ ደስ ያለው መሰለ። "መንገዱ ላይ የቡና ጫኝ አገኘንና ጆንያ ላይ አስተኝተው ጎባ ሆስፒታል አደረሱኝ። አንተ ያን አፋፍ ላሳይህ ስትለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሳነቴን ያለፍኩት በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ይህን ደን ከላይ አይቼው አላውቅም። ከሥር ነው የማውቀው። ቅጠሉን፣ በቅጠሉ መሀል ሰማዩን፣ የሰዎቹን ጀርባ።"

ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ያቺን ቃሬዛ አላውቃትም ነበር። ያ ቃሬዛ ባይኖር እኔም የለሁም።

በነጋታው አባዬ ተሽሎታል፤ ራሱን አላመመውም፣ ቁርስ በልቷል። ወደ ጎባ መመለሻው በዚያው በሳነቴ ላይ ነው። ሾፌሩ ቀስ እያልን እንድንወጣና ላይ ብዙ እንዳንቆይ መከረን። አፋፉ ላይ ግን "አቁምልኝ" ያለው አባዬ ራሱ ነው።

ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር፤ ጠዋት ነው። ደኑ በሙሉ ታየ። ምን ልበላችሁ፣ ትልቅ ነው። ሸንተረር በሸንተረር እየወረደ እስከ ዓይን መጨረሻ ይሄዳል፤ ከሩቁ ቆላው ይጀምራል፣ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች እስከ ሶማሊያ የሚሄዱበት አቅጣጫ። ከላይ ስታየው አንድ ወጥ ነገር ነው፣ አረንጓዴ ምንጣፍ። ትናንት የጠጣነው ቡና፣ ቀፎዎቹ፣ ሴትዮዋ፣ አንበሳው፣ አንዳቸውም አይታዩም።

አባዬ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ለማግኘት ሞከረ። ጣቱን ዘረጋ፣ ወደ ግራ አዞረው፣ መለሰው። "አይታወቅም" አለ። ቆይቶ ግን "ያውና ጭስ" አለኝ። አየሁ። ከዛፎቹ መሀል ቀጭን ጭስ፣ አለፍ ብሎ ሌላ። "ቁርስ እየሠሩ ነው።"

አሥር ደቂቃ ነው የቆየነው። ያሰብኩትን ፎቶ አላነሣሁም። አባዬ ስልኬን ተቀብሎ እኔን አነሣኝ፤ ግማሽ ፊቴ ተቆርጧል፣ ደኑ ግን ሙሉ ነው።

ባለፈው እሁድ ስደውል "ሰላም ነው?" ብዬ አልጀመርኩም። "አባዬ፣ ቃሬዛውን የያዙት እነማን ነበሩ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቸው፤ የማን አባት እንደነበሩ፣ ማን እየዘፈነ ይሸከም እንደነበር፣ ማን ጫማውን ለእሱ እንዳለበሰው።

ስንጨርስ የጥሪ ዝርዝሩን አየሁ። አርባ ሰባት ደቂቃ።