ከፖስታ ቤቱ መስኮት ያየሁት ጦርነት



ባለፈው ሰሞን ከዓስር ሶላት በኋላ ኦቶና፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ጦርነት ሊጀመር ነው እያሉ ነው። እውነት ነው?» አለኝ። ስልኩ ላይ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ በቁጣ ያወራል። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ጦርነት ቢመጣ እሱ ይሄዳል፤ ያ ሰውዬ ካርታው ላይ እንደቆመ ይቀራል።

«አላውቅም ልጄ» አልኩት። የማውቀውን ግን ነገርኩት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጡረታ ሳልወጣ ፖስታ ቤት ነበር የምሠራው። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ያኔ ሞባይል የለም። የወታደር ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች እዚያው መስኮቱ ላይ ያስነብቡኛል። በአማርኛ የተጻፈውን በወላይትኛ እነግራቸዋለሁ። ደብዳቤው ሰላምታ ብቻ ነው። የት እንዳለ አይጽፍም፤ ምስጢር ነው። ይህን እናቶቹም ያውቁ ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም።

ከእነሱ አንዷ በየገበያው ቀን ትመጣ ነበር። የካቲት 1991 ባድመ ተመለሰች ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር እኛም እንደ ሰው ሁሉ ተደሰትን። የልጇ ደብዳቤ የቆመው ከዚያ ወር ጀምሮ ነው። «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሬዲዮው የጠላትን ሙትና ቁስለኛ ይቆጥራል፤ የእኛን አይቆጥርም። እኔ ደግሞ ቆጠራውን ከመስኮቴ አየው ነበር፤ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት እናቶች በየሳምንቱ ይበዙ ነበር።

ጦርነቱ በ1992 ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የኤርትራ መንግሥት በዚያው ዓመት 19,000 ወታደር እንደሞተበት ተናገረ። ትክክል ይሁን አይሁን፣ ቢያንስ ቁጥር ተናገረ። የእኛ ልጆች ስም ዝርዝር በአደባባይ ሲነበብ ግን እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን አሳወቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ብለው ተናገሩ። እኔም ያችን እናት «ልጅሽ የሄደበት አገር የእኛ ሆኗል» አልኳት። በኋላ ነው ባድመ የተወሰነችው ለኤርትራ እንደሆነ የታወቀው። ግንቦት 2010 ገዢው ፓርቲ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ አለ። ሰላሙን እኔም ወድጄዋለሁ። የሚቆጨኝ በገዛ አፌ ለአንዲት እናት ውሸት ማድረሴ ነው። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ። የፖስታ ሠራተኛ አይደለሁ!

መንግሥት ምስጢር አይኑረው አልልም። የጦሩ ቦታ፣ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት መደበቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000ም የመከላከያና የደኅንነት ጉዳዮችን ለይቶ ያስቀራል። ይህ ትክክል ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ምስጢሩ የሚጠብቀው ማንን ነው? ወታደሩን ከጥይት የሚጠብቅ ከሆነ ይደበቅ። ባለሥልጣኑን ከጥያቄ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ስሙ ምስጢር አይደለም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሟች ቁጥር ከማን ነው የሚደበቀው? ጠላት የገደለውን ያውቃል። የማታውቀው እናት ናት።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ቬትናም ጦርነት ለሕዝቡ ሲናገር የኖረውና በምስጢር ሰነዱ ውስጥ ያለው የተለያየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሰነዱ ለኒውዮርክ ታይምስ ደረሰ፤ መንግሥት ሕትመቱን ሊያስቆም ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለጋዜጦቹ ፈረደ። እዚያም ይዋሻል። ልዩነቱ ውሸቱን የሚያጋልጥ ጋዜጣና የሚዳኝ ፍርድ ቤት መኖሩ ነው።

የትግራዩን ጦርነት እናንተም ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 2013 ተጀመረ፤ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የኤርትራ ጦር ገብቷል የሚል ሰው ውሸታም ተባለ፣ ባንዳ ተባለ። መጋቢት 14 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በፓርላማ መግባቱን አመኑ። በእነዚያ ወራት ሰው የተሰደበው እውነት ስለተናገረ ነበር። የዚያን ጊዜ እዚህ ሶዶ ያሉ የትግራይ ልጆች የእናታቸውን ድምፅ መስማት አይችሉም ነበር። የእኔ መስኮት ትዝ አለኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ልናገር፣ አትቀየሙኝ። በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚለው ፊልም በኢቲቪ ሲታይ የወንድሞቻችን ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ነበር። «ሳይፈረድ እንዴት ይፈረዳል?» ብለን አዘንን። ልክ ነበርን። ግን በዚያው ጣቢያ ስለ ሌላው ሰው የሚነገረውን ስንቶቻችን ነን ሳንጠይቅ የተቀበልነው? ስለ እኛ ሲያወራ የሚዋሽ፣ ስለ ጎረቤታችን ሲያወራ እንዴት እውነተኛ ይሆናል? መንግሥትን የሚቃወመው ዩቲዩበርም ያው ነው። የወደድነው ወገን ስለሆነ ብቻ ወሬው አይጣራም። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ሳናጣራ እንዳናምን፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ታዘናል። ያ ትእዛዝ ለኢቲቪም፣ ለዩቲዩብም፣ ለመንደር ወሬም ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኩት ይህን ነው፦ የጦርነት ወሬ ስትሰማ ተናጋሪው ቦታው ላይ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። የራሱን ወገን ሙት ይቆጥራል ወይ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ልጁ የሚዘምትበትን ሰው ጠይቀው። ሦስቱንም ካላገኘህ አታጋራ፤ አንተም የፖስታ ሠራተኛ ነህና የምታደርሰውን እወቅ።

ያች እናት ጡረታ እስክወጣ ድረስ መምጣቷን አልተወችም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት «ዛሬስ?» ማለቱን ትታ ነበር። መስኮቱ ጋ መጥታ ትቆማለች፣ ታየኛለች፣ ትመለሳለች።

አላህ አገራችንን ከጦርነት ይጠብቅልን። የእናቶችን ጥያቄ የሚመልስ መንግሥት፣ የሚጠይቅላቸውም ጋዜጠኛ ይስጠን። አሚን።