የፓጄ ነፋስና የእናቶች እርሻ



ባለፈው የክረምት እረፍት ከልጆቻችን ጋር የታንዛኒያ ወደሆነችው የዛንዚባር ደሴት ተጉዘን ነበር። ደጋ ተወልደን ላደግን ሰዎች ባሕር ያስፈራል። ሆኖም የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ ሴቶቻችን ሒጃባቸውን እንደጠበቁ ያለ ሐሳብ ይዝናናሉ ብለን መረጥናት።

ያረፍነው በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄ መንደር ነው። በዚያ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ «ኩሲ»፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ደግሞ «ካስካዚ» ይሉታል። ጥንት የዐረብ ነጋዴዎችን ጀልባዎች በካስካዚ ያመጡ፣ በኩሲ የመለሱ ነፋሳት ናቸው። ዛሬ ደግሞ ሸራ በተወጠረበት ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሳፈፍን፣ ማለትም ዊንድሰርፊንግን ለሚማሩ ያገለግላሉ። ነፋሱ ወደ የብስ ስለሚያዘነብል ጀማሪውን ወደ ዳር ይመልሰዋል፤ ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ግድግዳም ማዕበሉን ይሰብራል።

በሦስተኛው ቀን ታላቁ ልጃችን ሸራውን ማቆም ቻለ። በደስታ ሲከንፍ ግን ውኃው እየሸሸ መሆኑን አላስተዋለም፤ ሳንቃው በእንጨትና በገመድ መካከል ገብቶ አንዱን ገመድ በጠሰው። እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ የቆሙ አንዲት እናት የተበተነውን መልቀም ጀመሩ። ሮጠን ደርሰን፣ ታላቅ በሚከበርበት ሰላምታቸው «ሺካሞ» አልን፤ «ማረሃባ» ብለው መለሱልን።

አሠልጣኙ እያስተረጎመ ነገሩን አስረዱን። ገመዱ ላይ የታሰረው የባሕር አረም ነው። ስድስት ሳምንት ያህል አድጎ ይታጨዳል፤ ደርቆም ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ያወፍራል። እርሻው የተስፋፋው ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሲሆን አራሾቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አሁን ግን የባሕሩ ሙቀት ስለጨመረ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ጥልቀት በሌለው ውኃ አልበቅል እያለ አስቸግሯቸዋል። በዚህ ላይ የኛ ልጅ ጨዋታ ተጨመረበት!

ገንዘብ ዘረጋን። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ልጁ አመለከቱና «ነገ ውኃው ሲሸሽ መጥቶ ይሰርልኝ» አሉ። በማግሥቱ ልጃችን ሳንቃውን ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ሲያስር አረፈደ። የወገብን ሕመም ያን ቀን አወቀው። በመጨረሻ ትከሻውን መታ መታ አድርገው መረቁት፤ ሐቃቸው በአንገታችን ሳይቀር በመመለሳችን አልሐምዱሊላህ አልን።

የመጨረሻውን ቀን በሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በምኔምባ ደሴት ዙሪያ አሳለፍነው። የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገን ፊታችንን ውኃው ውስጥ ስንደፋ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በኮራሉ መካከል ሲመላለሱ አየን፤ ሱብሐነላህ! ትንሿ ልጃችን ደክሟት ኮራሉ ላይ ልትቆም ስትል ታላቅ ወንድሟ ያዛት። «አትርገጪው፣ ሕይወት አለው፤ የነዚህም ቤት ነው» አላት። ማንም አልነገረውም ነበር።

ወደዚያ የምትሄዱ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ውኃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ለእሾሃሙ የባሕር ፍጡር የውኃ ጫማ አድርጉላቸው፤ የእናቶቹም ገመድ ከየት እስከ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ አሳዩዋቸው።