እንግሊዝኛ አስተማሪው ወዴት ይሂድ?

እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ አገራችን መምጣት የሚያስብ የውጭ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው አዲስ አበባ ላይ ነው። ደመወዙም መብራቱም እዚያ ይሻለዋል። እኛ ግን ወደ ባሌ ብንጠቁመው ደስ ይለናል።

430 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሮቤ ይደርሳል፤ ጎባ ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ናት። በሁለቱም ሆቴልና ሆስፒታል አለ፤ ሮቤማ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ገሰራ ግን የስንዴና የገብስ አገር ነው። እዚያ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በኦሮምኛ ነው። 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አምና መልሱን ያውቅ የነበረ ተማሪ ዘንድሮ ጥያቄው ራሱ አይገባውም። አስተማሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሲመጡ ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ተመደቡ። የአገልግሎት ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነበር። በሦስት ወር ፎቶ አንስቶ ከሚመለስ እንግዳ ይህ ይሻላል።

ገሰራን የመረጠ ጥቂት ኦሮምኛ ይያዝ። የዓርብ ትምህርቱን ከጁምዓ ሶላት ጋር አያጋጭ፤ በረመዳንም ከፊቱ የተቀመጠው ጾመኛ መሆኑን አይርሳ። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ወቅቶቹን አገሬው «ገና»ና «ቦና» ይላቸዋል። የቦናው አዝመራ ሲደርስ ወንበሮች ባዶ ቢሆኑበት ልጆቹ ሰነፉ ብሎ አይቆጣ፤ ከአባታቸው ጋር ማሳ ላይ ናቸው።