ቡቺ ጋቢና፣ እኔ ኋላ

“ውሻውን ነው እንዴ ከፊት የምታስቀምጪው?” አልኳት የአክስቴን ልጅ። እኔ ስንት አገር አቋርጬ የመጣሁት ኋላ፣ ቡቺ ቀበቶ ታስሮለት ጋቢና!

“እሱን ኋላ ሲቀመጥ ያስመልሰዋል። አንተ ቻለው።”

ቻልኩት።

እናላችሁ ከቨርጂኒያ ተነስተን ወደ ኖርዝ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ወረድን። የተከራየችው አርቪ የሚሉትን መኪና ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃ ሁሉ አለው፤ ቤት ጎማ ሲያወጣ በሉት። ሆቴል የቀረብንም በቡቺ ምክንያት ነው።

ቦታው አውተር ባንክስ ይባላል፤ ከዋናው ምድር ተነጥለው አትላንቲክ ፊት የተዘረጉ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ናቸው። ወደ ደቡብ ስትነዱ በግራ ውቅያኖስ፣ በቀኝም ውሃ፣ መሐል አውራ ጎዳና 12 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2003 አይዛቤል፣ በ2011 ደግሞ አይሪን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ይህን መንገድ ከነአሸዋው ቆርጠውት ነበር። ሮዳንቲ መንደር ጋ መንገዱን በድልድይ ወደ ቀኙ ውሃ አዙረው በ2022 ከፈቱት። ቤቶቹ ግን ወዴት ይዙሩ? በዚያው ዓመት ሜይ 10፣ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ባሕር ገብቷል። እኛም ስናልፍ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ባዶ ቤቶች አየን፤ ማዕበሉ እግራቸውን ይልሳል። መጋረጃቸው እንደተሰቀለ ነው።

ማታ ነፋስ ተነሳ። የሐምሌ ዝናብ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ ዝናብ ብርቄ አይደለም። ይሄ ግን ከጎን ነው የሚመጣው! ቁመታም መኪና ደግሞ ነፋስ ጎኑን ካገኘው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙራ አቆመችው፣ ጋዙን ዘጋች። ቡቺ ጥግ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ወለሉ ላይ ተኝታ አቀፈችው።

“ውጡ ቢሉንስ?” አልኩ።

“እንወጣለና!”

“ውሻ አንቀበልም ቢሉስ?”

ዝም አለች። ከዚያ ስለ ካትሪና አነሳችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ኦርሊንስ ስትጥለቀለቅ ብዙ መጠለያዎች እንስሳ ስለማይቀበሉ ከቤታችን ንቅንቅ አንልም ብለው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ የአደጋ ጊዜ እቅድ የቤት እንስሳትንም እንዲያካትት ሕግ ወጣ።

“እኔም ብሆን አልወጣም ነበር” አለችኝ።

“ለውሻ ብለሽ ልትሞቺ?” ብዬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሷ አልሳቀችም። “የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ ማን ይመስልሃል? ሰባት ዓመት! እናንተ የምትደውሉት ለበዓልና ለብር ነው።”

ምን ልበል? የመጣሁበትን ቲኬት የቆረጠችልኝ እሷ ናት።

ጠዋት መንገዱን አሸዋና ውሃ ሸፍኖት ተዘግቷል። ቡቺን እኔ አናፈስኩት፤ ገመዱ ከስድስት ጫማ እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ ልክ እንደ እስረኛና ዘብ ተያይዘን ዞርን። ከሰዓት ሲከፈት የሃተራስን የመብራት ማማ አየን። በ1870 በጡብ የተሠራ ግዙፍ ነገር ነው። ባሕሩ ሲጠጋው በ1999 ሙሉውን አንስተው 900 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አዛወሩት። ማማ እንኳ ሲሸሽ አግዙኝ ይላል!

ስንመለስ የጋቢናውን በር ከፈተችልኝ። “ና፣ ዛሬ አንተ ከፊት ተቀመጥ።”

“ያስመልሰዋል እኮ” አልኳትና ኋላ ገባሁ።