ሥራ ልለቅ ነው፤ ጸልዩልኝ



ሐዋሳ ውስጥ በምናገለግልበት ጸሎት ቤት ሐሙስ ከሰዓት የምክር ቀን ነው። እኛ ባልና ሚስት አብረን እንቀመጣለን። ሰዎች የሚመጡበትን ጉዳይ ብንቆጥር ከትዳር ቀጥሎ የሚበዛው ሥራ ነው። ሥራ ያጡት ብቻ አይደሉም የሚመጡት፤ ሥራ ኖሯቸው ሊለቁ የሚፈልጉትም ብዙ ናቸው። ሲገቡ የሚሉት ቃል ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «ፓስተር፣ ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ጌታ ውጣ ብሎኛል፤ ጸልዩልኝ።»

ለብዙ ዓመት «አሜን» ብለን፣ እጅ ጭነን ሸኝተናል። ሰውየው ሲናገር ጥሪ የሚመስል ነገር ካልሰማንበት ደግሞ «ታገሥ፣ ጌታ እየሠራህ ነው» እንል ነበር። ሁለት መልስ ብቻ ነበረን ማለት ነው፤ ጥሪ ከሆነ ውጣ፣ ካልሆነ ጽና። ሰዎቹም ይህን አወቁብንና ለመውጣት የፈለገ ሁሉ ጥሪ ይዞ መምጣት ጀመረ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም መጣ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ጌታ ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት እየጠራው እንደሆነ ነገረን። ሦስት ልጆች አሉት፤ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ብንጠይቀው አያውቀውም። ቡና ተፈላ። አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ነገሩ ወጣ። የሚሠራበት ድርጅት ሁለት መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለግብር ሰብሳቢው። ለግብር የሚቀርበውን የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ፈርሟል። ለሁለተኛው ፊርማ ቀን ተቆርጦለታል።

«ታዲያ ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከንም?» አልነው።

«የመጀመሪያውን እንደፈረምኩ ልናገር ነው እንዴ?» አለን።

ይህ ሰው የሚያስፈልገው የጥሪ ጸሎት አልነበረም። ንስሐ ነበር፤ ከዚያ ሕግ የሚያውቅ ሰው ምክር፤ ከዚያ የመልቀቂያ ደብዳቤ። በአገልግሎት ስም ሸኝተነው ቢሆን ኖሮ ያ ፊርማ አብሮት መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ለቀቀ፣ ደመወዙ የሚያንስ ሌላ ሥራ አገኘ፤ እስከ ዛሬ እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ምእመናንን ይቀበላል።

ከዚያ ወዲህ ዘፍጥረት ምዕራፍ 31ን በሌላ ዓይን ነው የምናነበው። ያዕቆብ ላባ ዘንድ 20 ዓመት ሠርቷል፤ 14ቱን ለሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ለመንጋ። ሊለቅ ሲነሣ ራሔልንና ልያን መንጋው ወዳለበት ሜዳ አስጠራቸው። ቤት ውስጥ ቢናገር ጆሮ አለ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ መልቀቅ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ በሩን እንደሚያየው ማለት ነው። ምክንያቱን ሲነግራቸው የጀመረው ከአለቃው ፊት ነው፤ የአባታቸው ፊት እንደ ቀድሞው እንዳልሆነለት ነገራቸው። ቀጥሎ ደመወዙን አነሣ፤ ሰውየው እንዳታለለውና ደመወዙን አሥር ጊዜ እንደለዋወጠበት። ከዚያ ሕልሙን ተናገረ፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ እግዚአብሔር እንዳዘዘው። ሚስቶቹስ ምን መለሱ? እነርሱም ከገንዘብ ጀመሩ፤ አባታቸው እንደ ባዕድ እንደቆጠራቸውና ዋጋቸውን እንደበላው።

ይህ ሁሉ ተጽፎልናል። የአለቃ ፊት፣ የደመወዝ ክርክርና የእግዚአብሔር ድምፅ ሳይለያዩ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተቀምጠዋል። የምዕራፉ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ያስቃል። ያዕቆብ ለላባ ሳይነግር ተደብቆ ወጣ፤ በእኛ ቋንቋ ክሊራንስ ሳይጨርስ። ራሔል የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ ግመሏ ኮርቻ ሥር ደበቀች፤ የመሥሪያ ቤት ንብረት ይዞ እንደመሄድ ነው። ላባም የሰባት ቀን መንገድ ተከትሎ ገለዓድ ተራራ ላይ ደረሰባቸው። የእግዚአብሔር ሰው እንኳ ሲለቅ እንዲህ ተዝረክርኮ ነው የለቀቀው። የእኛ ምስክርነት ግን ንጹሕ ነው፤ የአለቃውን ፊት አውጥተን፣ ደመወዙን አውጥተን ድምፁን ብቻ እንናገራለን።

ይህን ስንጽፍ በሌላ ሰው ላይ እየፈረድን አይደለም። ከሁለታችን አንዱ (የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ አይጠፋውም) በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ ወረዳ መምህር ነበር። ሥነ መለኮት ኮሌጅ የገባው ያንን ሥራ ለቆ ነው። ምስክርነቱ ከ20 ዓመት በላይ በየኮንፈረንሱ ተነግሯል፦ ሌሊት በጸሎት ላይ ሳለ ጌታ ጠራው፤ ጠዋት ተነሥቶ ጠመኔውን አስቀመጠ። ሰው ያለቅስ ነበር፤ ወጣቶች ራሳቸውን ለመስጠት ወደ ፊት ይወጡ ነበር።

ያልተነገረው ክፍል አለ። ርዕሰ መምህሩ የጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በተማሪዎች ሁሉ ፊት ሰድቦት ነበር። የደረጃ እድገቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ቂም ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው ያስተማረው። ቤት ስንቀይር አሮጌ ወረቀት ስናገላብጥ የመልቀቂያው ደብዳቤ ቅጂ ተገኘ። ቀኑ ከዚያ የጸሎት ሌሊት ሦስት ሳምንት ይቀድማል። ወረቀቱን ያገኘችው ሌላዋ ናት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «ይህን ቀን ታውቀው ነበር?» ብቻ አለች።

ያውቀው ነበር።

ጥሪው ውሸት ነው አንልም። ጌታ የተሰደበን ሰው ይጠራል፤ ቂም የያዘውንም ይጠራል። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩን ከታሪኩ ስላወጣነው፣ የሰሙን ወጣቶች ሰው ሥራ የሚለቀው በሌሊት ድምፅ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ያን ምስክርነት ሰምቶ በሳምንቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀቀ። ዛሬ የሰው ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘን «ፓስተር፣ ግቡ፤ ከእናንተ አልቀበልም» ይለናል። እየሳቀ ነው የሚለው። እኛ እንከፍላለን።

ከተማችን ስለ ሥራ መልቀቅ ብዙ ታውቃለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ለልብስ ስፌት መጡ፤ ጥቂቶቹ እኛም ጋር ያመልኩ ነበር። ከዓመት በኋላ በወንበራቸው ላይ ሌሎች ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ በመድረካችን «የዘንድሮ ወጣት ሥራ አይወድም» ተብሎ ተሰብኳል፤ እኛው ነን የሰበክነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት የወጣ ጥናት ግን መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ ፋብሪካዎቹም በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ሙሉ ቁጥር ያህል ሰው እንደተኩ ጽፏል። አንዲቱን ልጅ አስቀምጠን ወጪዋን በወረቀት አብረናት ጻፍን። ለሦስት የሚከፈል የክፍል ኪራይ፣ ምሳና እራት፣ ሳሙና፤ ወደ እናቷ የምትልከው ሳይጀመር ገንዘቡ አለቀ። ለፍቼ ጨምበላላ ቤተሰቦቿ ጋር ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሰነፍ አልነበረችም፤ መደመርና መቀነስ ታውቅ ነበር።

አንዳንዱ ምክንያት ቀላል ነው። አንዲት ነርስ «ሙያዬን ጠላሁት» ብላ መጥታ ስናዳምጣት ለሁለት ዓመት የዓመት ፈቃድ እንዳልወጣች ነገረችን። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር መሞት ሲመኝ የተሰጠው ሥራ ሳይሆን መጀመሪያ እንጎቻና እንቅልፍ ነው። ፈቃዷን ወጣች፤ ተመለሰች፤ አሁንም እዚያው ናት።

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው ግን ስለ ሌላ እህት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ያዘገየነውም ከብዶን ነው።

የ24 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በአንድ የግል ድርጅት በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። ሐሙስ ቀን መጣች፣ ሻይ ጠጣች፣ «ልለቅ እፈልጋለሁ፤ የአለቃዬ ጸባይ ከብዶኛል» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ሰውየውን በስም እናውቀው ነበር። የሌላ ጉባኤ አባል ነው፤ የጸሎት ቤታችን ጣሪያ ሲለወጥ ከረዱን ሰዎች አንዱ ነበር። «እርሱ እኮ ጌታን የሚያውቅ ሰው ነው» አልናት። ከዚያ ከ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 2 ስለ ጠማማ ጌቶች የሚናገረውን ክፍል አነበብንላት፤ እንድትጸና ጸልየን ሸኘናት።

ኮሌጅ የተማርን ሰዎች ነን። በዚያ ክፍል የሚገኘው የግሪክ ቃል የቤት አገልጋዮችን፣ ባሪያዎችን እንደሚያመለክት፣ ሐዋርያው የሚያጽናናውም መልቀቅ የማይችሉ ሰዎችን እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። እርሷ መልቀቅ ትችል ነበር። ይህን አልነገርናትም።

ስምንት ወር ቆየች። ከዚያ የመጨረሻ ወር ደመወዟን ሳትቀበል ወጣች፤ ከእኛም ጉባኤ ጠፋች። ሰውየው በሩን እየቆለፈ ምን ያደርግ እንደነበር የሰማነው ከታላቅ እህቷ ነው። ያን ዕለት ማታ ከሁለታችን እራት የበላ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅን ያገላበጥነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ 1156/2011 ነው። ማንኛውም ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከፈጸመባት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው ቀን መውጣት ትችላለች። ሲወጣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማግኘትም የሠራተኛው መብት ነው። የአገሪቱ ሕግ «ዛሬውኑ ውጪ» የሚላትን ልጅ እኛ በመጽሐፍ ቅዱስ አስቀርተናታል።

ቤቷ ሄድን። ገብተን ሳንቀመጥ ይቅርታ ጠየቅናት። ዝም ብላ ቆየችና «ይቅር ብያለሁ» አለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «‹ጸባይ› ስላችሁ ‹ምን ዓይነት ጸባይ?› ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነበር» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። በእርሷ ፈቃድ ጉዳዩን ለሰውየው ጉባኤ ሽማግሌዎች በጽሑፍ አቅርበናል። አስጠርተውት እንደካደ ነግረውናል፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ጠይቀናል። ለጣሪያው የሰጠውን ገንዘብ ስለመመለስ በሽማግሌዎቻችን መካከል ክርክር ተነሥቶ ገና አላለቀም። ከእኛ በኩል ይመለስ ባይ ነን።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሰው ገብቶ «ጌታ ውጣ ብሎኛል» ሲል እጅ ለመጫን አንቸኩልም። አለቃህ ማነው፣ ደመወዝ ስንት ነው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ትሠራለህ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ ብለን እንጠይቃለን። አንዳንዱ «ለመንፈሳዊ ጉዳይ መጥቼ» እያለ ይከፋዋል። እህቶች ሲሆኑ ወንዱ ወጣ ብሎ ግቢ ውስጥ ይቆያል። ጸሎቱ በመጨረሻ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ስለ ምን እንደምንጸልይ እናውቃለን።

ያቺ እህት ወደ ጸሎት ቤታችን አልተመለሰችም፤ ተመለሺም አላልናትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሁለታችን ለሴቷ ትደውላለች። ባለፈው ቅዳሜ ሳንጠይቃት ስለ አዲሱ ሥራዋ አወራች፤ ዳቦ ቤት ገብታለች። የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃ የሚወጣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ እንቅልፉ አስቸግሮኛል አለች። በዚያ ሰዓት ማን አብሯት እንደሚገባ ጠየቅናት። ሦስት ሴቶች ናቸው።