ፍቅር የገደለው ዳቦ ጋጋሪ

ልብ አንጠልጣይ የፍቅርና የሕመም ፊልም ሊሠራ የሚሻ ደራሲ ወንጀለኛ ፍለጋ ሩቅ አይሂድ፤ ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳን አልፎ ወደ በርበራ የሚወርደውን መንገድ ይከተል። የባለቅኔው የኤልሚ ቦደሪ ታሪክ በዚያ ይጠብቀዋል።

ኤልሚ በወደቢቱ ከተማ በበርበራ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሆዳን የተባለች ልጃገረድ ዳቦ ልትገዛ መጣች፤ ልቡን ይዛበት ሄደች። እርሱ ድኻ ነበር፤ እርሷ ለሌላ ተዳረች። አልጋ ያዘ፤ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ገደማም ሞተ። ሐኪም ምንም ይበል ምን፣ ሕዝቡ «የገደለው ፍቅር ነው» ብሎ ፈርዷል።

የጅጅጋ ተመልካች ይህን ፍጻሜ አስቀድሞ ያውቀዋል። ታዲያ ምን ልቡን ያንጠለጥለዋል? በዚያ ዘመን የሶማሌ ቅኔ የጎሳ፣ የጦርነትና የግመል ጉዳይ የሚነሣበት የአደባባይ ድምፅ ነበር። ወንድ ልጅ ስለ ሴት ብሎ በግጥም ማልቀሱ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ኤልሚ ግን ፍቅርን እንጂ ሌላ አልገጠመም። ዝም ቢል ሕመሙ ይጠናበታል፤ ቢገጥም መሳለቂያ ይሆናል። ሽጉጥ ሳይተኮስ ጭንቀቱ የሚያይለው እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራውም ከሞት አልጋው ይልቅ ሊገጥም አፉን በከፈተባት ቅጽበት ላይ ቢቆይ ይሻላል።