በጐርጐራ ወደብ ሞተር ሲያጕረመርም

ከጐንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ቆላ ድባንና ጯሒትን ሲያልፍ የጣና ሐይቅ ከፊቱ ይዘረጋለታል። መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግራና ቀኙ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር የመረሬ መሬት ነው፤ መጨረሻው ግን ዓሣ፥ ደንገልና ጀልባ ነው። ይህ ስፍራ ጐርጐራ ይባላል።

ጐርጐራ ስመ ጥር አገር ናት። ዐፄ ፋሲል ጐንደርን በ1628 ዓ.ም. ከመቈርቈራቸው በፊት አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በዚሁ አካባቢ ከትመው ነበር። በሥዕሏ የታወቀችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የምትገኘው በዚሁ ነው። እኛ ዛሬ ለአንባቢ የምንተርከው ግን ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን በወደቡ ዳር ስለ ሰማነው ስለ አንድ ሞተር ድምፅ ነው።

የጣና ጥንታዊ መጓጓዣ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ታንኳ ድምፅ የለውም፤ ቢያረጅም የሚያረጀው ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ስለሆነ ባለቤቱ በዓይኑ እያየ ያውቀዋል። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ግን ሕመሙን የሚናገረው በድምፁ ብቻ ነው። ይህን ዐይነቱን ሞተር በአሜሪካ አገር ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ካደረጉት አንዱ በኖርዌይ የተወለደው መካኒክ ኦሌ ኤቪንሩድ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1909 ነበር። በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ዓሣ ማጥመድ የተስፋፋው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ኡርክ ከምትባለው የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ ርዳታ ነው። ሞተሩና መረቡ አብረው መምጣታቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በደረስንበት ዕለት አንድ ወጣት ባለጀልባ ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የገዛውን አሮጌ ሞተር ከወደቡ ዳር አውርዶ በጭንቀት ይመለከተው ነበር። ሞተሩ ከተገዛ ወር አልሞላውም። ጀልባው በተጫነ ቍጥር ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያጕረመርማል። ሻጩ፥ «ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅለውን ዘይት ጨምርበት» ብሎት ነበር፤ ቢጨምርም ጢሱ በዛ እንጂ ድምፁ አልቀነሰም። በማግሥቱ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ስለ ነበር ወደ ማንዳባ ገዳም የሚሻገሩ ተሳላሚዎች ቀጠሮ ይዘውበታል።

የተጠሩት መካኒክ ጠጕራቸው የሸበተ የጐንደር ሰው ናቸው። ወጣቱ፥ «ጋሼ፥ ፒስቶኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ላዩን እንክፈተው» አላቸው።

«ቈይ ልጄ፤ በሽተኛው ሳይጠየቅ ሆዱ አይቀደድም» አሉት።

ከዚያም የተቈረጠ በርሜል ውኃ አስሞልተው ሞተሩን በጠርዙ ላይ አሰሩና በዜሮ ማርሽ አስነሡት። መጀመሪያ ያዩት ከጐኑ የሚፈልቀውን ቀጭን ውኃ ነው። ይህ ውኃ ከቆመ ፖምፓው አይሠራም ወይም የውኃ መግቢያው ተደፍኗል ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው የእምቦጭ አረም በተለይ በዚህ በሰሜኑ ዳርቻ ተስፋፍቶ ስለ ነበር፥ ሥሩ መግቢያውን እየደፈነ ሞተር ያስግላል። ዳሩ ግን የዚህኛው ውኃ ያለ ችግር ይፈልቅ ነበር።

ቀጥሎ ነዳጅ ሰጡት። ሞተሩ ጥቂት ተንተባተበ እንጂ አላጕረመረመም። «ይህ የአገሩ አየር ነው» አሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለቀጭኑ አየር ቤንዚን ያበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ጕልበቱም ይቀንሳል። ይህ በማስተካከያ የሚድን ነገር ነው። ፒስቶኑና ቢየላው ቢታመሙ ግን በዜሮ ማርሽም ቢሆን ድምፅ መስጠታቸው አይቀርም ነበርና ከጥርጣሬ ወጡ።

አሁን ማርሽ አስገቡ። ጕርምርምታው ወዲያው ተሰማ። ረዥም ካቻቢቴ አንሥተው እጀታውን ከጆሯቸው፥ ጫፉን ከሞተሩ አካል ላይ አደረጉና እንደ ሐኪም ማዳመጫ ከላይ እስከ ታች አዳመጡ። ከላይ ጥቂት ነው፤ ወደ ታች፥ መቅዘፊያውን የሚያዞሩት ማርሾች ወዳሉበት ሲወርዱ ይበረታል።

ሞተሩን አጥፍተው የታችኛውን ብሎን ፈቱ። ንጹሕ ሆኖ መውጣት የነበረበት የማርሽ ዘይት ወተት የገባበት ቡና መስሎ ወረደ። ዘይት የሚነጣው ውኃ ሲቀላቀለው ነው። በማግኔት ቢነኩት ደቃቅ የብረት ብናኝ ያዘ። መቅዘፊያውን ሲነቅሉት ደግሞ ከኋላው የናይለን መረብ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ፥ ውኃ እንዳይገባ የሚያግደውን ጎማ ቈርጦት ተገኘ። ክሩ ጎማውን በላ፤ ውኃው በቀዳዳው ገባ፤ ኩሽኔታው ዛገና ተፈጨ። አብረው ወደ ሐይቁ ከመጡት ከሁለቱ ወዳጆች አንዱ፥ መረቡ፥ ሌላውን በልቶታል።

ወጣቱ ግን የነገውን ገበያ እያሰበ፥ «ጋሼ፥ ለነገ ብቻ ይሥራልኝ፤ ከነገ ወዲያ እንፈታዋለን» ብሎ ለመነ።

ሽማግሌውም፥ «ይህ ኩሽኔታ እዚህ ዳር ቢሰበር የሚጐዳው ሞተሩ ነው። ውኃው መኻል፥ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ቢሰበር ግን ጀልባው ሙሉ የሰው ልጅ ነው» አሉት።

ወጣቱ ዝም ብሎ ቈየና ስልኩን አውጥቶ ተሳላሚዎቹን ለሌላ ባለጀልባ አስተላለፈ። የበዓሉ ገቢ ቀረበት። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታውና የጎማ ማገጃው ተገኝተው ገቡ። መካኒኩም አዲሱን ዘይት በታችኛው ቀዳዳ እየገፉ በላይኛው እስኪወጣ ሞሉት፤ ከላይ ወደ ታች ቢሞላ አየር ውስጡ ይቀራልና። ማርሾቹ ገና ስላልተበሉ ወጪው ቀላል ሆነ። በዚያው ድምፅ አንድ ወር ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ ማርሾቹም አብረው በሄዱ ነበር።

አሮጌ ሞተር ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ቢኖር ከዚህ የሚይዘው ነገር አለ። ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የታችኛውን ብሎን አስፈትቶ የዘይቱን መልክ ይይ፤ በዜሮ ማርሽና በማርሽ ለየብቻ ያዳምጥ፤ መቅዘፊያውንም አስነቅሎ ከኋላው ክር መኖር አለመኖሩን ይመልከት። የገዛም ቢሆን ከመረብ ሥራ በተመለሰ ቍጥር ይህንኑ ያድርግ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ አንድ ክንድ ክር በጊዜ መንቀል የሚጠይቀው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው።